መሣሪያው ያላየውን አያውቅም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሕክምናና የምሁራን ግንኙነት ታሪክ

መግቢያ

የሳይንስ ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የጥቂት ታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሆኖ ይቀርባል። ተማሪው የፈልሳፊውን ስም፣ የፈለሰፈውን ነገርና ዘመኑን በቃሉ አጥንቶ ለፈተና ይዘጋጃል። ፈልሳፊው የማንን ጽሑፍ እንዳነበበ፣ በየትኛው ጉባኤ ከማን ጋር እንደ ተከራከረ፣ ለሙከራው የሚያስፈልገውን ነገር ከየት አገር እንዳገኘ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ይህ አቀራረብ ለማስታወስ የሚያመች ቢሆንም ዕውቀት በእውነቱ እንዴት እንደሚያድግ አያስረዳም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በአሁኑ ጊዜ በሰፊው የሚወራለትን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። በተለይም ሁለት ዘርፎቹን እንመለከታለን፤ አንደኛው ለሕክምና የሚያገለግለው፣ ሁለተኛው ደግሞ ጽሑፍና ሥዕል የሚያመነጨው ነው። ዓላማችን የመሣሪያዎቹን አሠራር በዝርዝር ማስተማር ሳይሆን፣ ዕውቀቱ ከአገር ወደ አገር እንዴት እንደ ተሻገረ፣ በዚህ ልውውጥ ማን እንደ ተገኘና ማን እንደ ቀረ፣ የቀረውስ ምን እንደሚጎድልበት ማሳየት ነው። ጉዳዩ የታሪክ አስተማሪን ብቻ ሳይሆን ነገ በጤና ጣቢያ ቀርቦ የሚመረመረውን ተማሪ ሁሉ ይመለከታል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሐኪም አስተሳሰብ በቁጥር ሲገለጽ

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለው ስያሜ የመጣው ጆን ማካርቲና ሦስት ባልደረቦቹ በ1955 ካቀረቡት የጥናት ሐሳብ ነው። በሐሳቡም መሠረት በ1956 ክረምት በአሜሪካ በዳርትመዝ ኮሌጅ ጥቂት ምሁራን ተሰብስበው መከሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ የጥርስ ሕክምናና ፊዚክስ ያጠናው ሮበርት ሌድሊ ከራጅ ሐኪሙ ከሊ ላስቴድ ጋር በመሆን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ጽሑፉ ሐኪም በሽታን ለይቶ ለማወቅ የሚጠቀምበት አስተሳሰብ በሎጂክና በፕሮባብሊቲ ሒሳብ ሊገለጽ እንደሚችል የሚያስረዳ ነበር።

ይህን ሐሳብ ለተማሪዎች በቅርብ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ሰው ትኩሳት ይዞት፣ ብርድ ብርድ እያለው ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣ ሐኪሙ በመጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የመጣበት ስፍራ ነው። በሽተኛው ከጋምቤላ ከመጣ ወባ በቅድሚያ ትጠረጠራለች፤ ከደብረ ብርሃን ሳይወጣ የከረመ ከሆነ ግን ሐኪሙ ወደ ሌላ በሽታ ያዘነብላል። ምልክቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ግምቱ የሚለያየው የበሽታው ስርጭት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ነው። ይህን ነጥብ ልብ ልንለው ይገባል፤ ከዚህ በታች የምንተርከው ታሪክ በአብዛኛው የሚዞረው በዚሁ ዙሪያ ነውና።

በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ዴ ዶምባል የተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪምና ባልደረቦቹ ይህንኑ ሐሳብ በሥራ ላይ አዋሉት። ድንገተኛ የሆድ ሕመም ይዟቸው ወደ ሆስፒታል የመጡ 304 በሽተኞች ምልክቶቻቸው ተመዝግቦ ለኮምፒዩተር ቀረበለት። ኮምፒዩተሩም ከቀድሞ በሽተኞች በተሰበሰበ አኃዝ እየተመራ የበሽታውን ዓይነት ገመተ። በ1972 በታተመው ውጤት መሠረት የኮምፒዩተሩ ግምት ከመቶ 91.8 እጁ ትክክል ሲሆን፣ የሐኪሞቹ ቡድን የበላይ የሆነው ሐኪም ግምት ከመቶ 79.6 ነበር። ውጤቱ ብዙዎችን አስደነቀ።

ይሁን እንጂ ይኸው የሊድስ መሣሪያ ወደ ዴንማርክ ተሻግሮ በኮፐንሃገን በሽተኞች ላይ በተሞከረ ጊዜ፣ በ1976 እንደ ታተመው ጥናት፣ በሊድስ ያሳየውን ውጤት ሊያገኝ አልቻለም። እንግሊዝና ዴንማርክ በሰሜን ባሕር ግራና ቀኝ ያሉ፣ በኑሮና በሕክምና ደረጃ የሚቀራረቡ አገሮች ናቸው። በሁለቱ መካከል መሻገር እንኳ ይህን ያህል ልዩነት ካመጣ፣ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ ቀንድ መሻገር ምን ሊያመጣ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ይህ ትምህርት ከተገኘ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን እየተረሳ እንደገና መገኘቱ አልቀረም።

በአንድ ኮምፒዩተር ዙሪያ

በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ሰፊ ክፍል የሚይዝና ዋጋው እጅግ ውድ የሆነ ዕቃ ነበር። ለእያንዳንዱ ተመራማሪ አንድ አንድ ማዳረስ የማይታሰብ ስለነበረ፣ ያላቸው አማራጭ በጋራ መጠቀም ነበር። በ1958 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው የዘር ውርስ ሊቅ ጆሹዋ ሌደርበርግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይህን ዕቅድ መራው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ወጪውን ችለው፣ በ1973 መጨረሻ ሱሜክስ-ኤይም የተባለው የጋራ የኮምፒዩተር አገልግሎት ተቋቋመ። በሌሎች ከተሞች የሚገኙ ምሁራን በስልክ መስመርና በጊዜው ገና በጅምር ላይ በነበረው የኮምፒዩተር መረብ አማካይነት ከስታንፎርዱ ኮምፒዩተር ጋር እየተገናኙ ይሠሩ ጀመር። በ1975ም በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የጋራ ዐውደ ጥናት አካሄዱ።

ከዚህ የጋራ ማዕድ ብዙ ፍሬ ተገኘ። በፒትስበርግ ጃክ ማየርስ የተባለው የውስጥ ደዌ ሐኪም ከኮምፒዩተር ሊቁ ከሃሪ ፖፕል ጋር ሆኖ ከ500 በላይ በሽታዎችን የሚያውቅ ኢንተርኒስት የተሰኘ ፕሮግራም ሠራ። በስታንፎርድም ኤድዋርድ ሾርትሊፍ ማይሲን የተባለውን ፕሮግራም አዘጋጀ። ማይሲን ደም ውስጥ የገባ ተሕዋስያንና የማጅራት ገትር በሽታ ሲያጋጥም የትኛው መድኃኒት እንደሚሻል የሚመክር ሲሆን፣ ዕውቀቱ የተቀመጠው «እንዲህ እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ ሊሆን ይችላል» በሚሉ ብዙ መቶ ደንቦች ነበር።

በ1979 የታተመ አንድ ፈተና በተለይ ሊጠቀስ ይገባዋል። የአሥር የማጅራት ገትር በሽተኞች ታሪክ ለማይሲንና ለሐኪሞች ቀረበ፤ ከሌላ ስፍራ የተመረጡ ስምንት ሊቃውንትም የትኛው መልስ የማን እንደሆነ ሳያውቁ ፍርድ ሰጡ። ማይሲን ከመቶ 65 ሲያገኝ፣ የዩኒቨርሲቲው ሐኪሞች ያገኙት ከ42.5 እስከ 62.5 ነበር። እንዲህም ሆኖ ማይሲን በየዕለቱ የሆስፒታል ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። የበሽተኛውን ታሪክ ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ጊዜ ይፈጅ ነበር፤ መሣሪያው ቢሳሳት ተጠያቂው ማን ነው የሚለው ጥያቄም መልስ አላገኘም። ፈተና ማለፍና በሥራ ቦታ መጥቀም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ያኔውኑ ታየ።

ከዚህ ዘመን ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ዕውቀቱ ያደገው በሩ ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ክፍት ስለነበረ ነው። ሁለተኛ፣ የጋራው ማዕድ የደረሰው ገንዘቡና መስመሩ እስከ ደረሱበት ብቻ ነበር።

ከድመት ዓይን እስከ አመንጪው መሣሪያ

እስካሁን የጠቀስናቸው ፕሮግራሞች በሰው የተሰጧቸውን ደንቦችና አኃዞች የሚከተሉ ነበሩ። ከእነርሱ ጎን ለጎን ሌላ መንገድ ይቀየስ ነበር፤ መሣሪያው ደንቡን ከምሳሌዎች ራሱ እንዲማር ማድረግ። የዚህ መንገድ ታሪክ የምሁራን ልውውጥ ምን እንደሆነ ከማንኛውም ይልቅ ያሳያል።

ካናዳ የተወለደው ዴቪድ ሁበልና ስዊድናዊው ቶርስተን ቪዝል በአሜሪካ አብረው ሲሠሩ፣ የድመት አንጎል ዓይን ያየውን እንዴት እንደሚተነትን አጠኑ፤ ለዚህም በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ጥናታቸውን ያነበበው ጃፓናዊው ኩኒሂኮ ፉኩሺማ፣ በጃፓን የብሮድካስት ድርጅት የምርምር ክፍል ሲሠራ፣ የድመቱን አንጎል አምሳያ አድርጎ ምስል የሚለይ የኮምፒዩተር መረብ በ1980 አቀረበ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ያን ለከን በአሜሪካ ተመሳሳይ መረብ ሠርቶ፣ በ1989 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በእጅ የተጻፉ የፖስታ ቁጥሮችን እንዲያነብ አስተማረው። በቻይና ተወልዳ በአሜሪካ የተማረችው ፌይ-ፌይ ሊ ከባልደረቦቿ ጋር በ2009 ኢሜጅኔት የተባለውን ታላቅ የሥዕል ስብስብ ለምሁራን ሁሉ ክፍት አደረገች። በ2012ም በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዛዊው ጄፍሪ ሂንተንና በሶቪየት ኅብረት የተወለዱ ሁለት ተማሪዎቹ በዚሁ ስብስብ በተካሄደው ውድድር ተወዳዳሪዎቻቸውን በሰፊ ልዩነት በለጡ። ስሕተታቸው ከመቶ 15.3 ሲሆን፣ የተከታያቸው 26.2 ነበር።

ይህ ዘዴ ብዙ ሳይቆይ ወደ ሕክምና ገባ። ሚካይ በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው የሕክምና ምስል ጉባኤ በ1998 በአሜሪካ የተጀመረ ሲሆን፣ በ2015 በጀርመን በሙኒክ በተካሄደ ጊዜ የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ዩ-ኔት የተባለውን ሥራቸውን አቀረቡ። ዩ-ኔት በአንድ የሕክምና ምስል ውስጥ የሕዋስን ወይም የአካልን ድንበር ለይቶ የሚያሰምር ነው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበት ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው።

የአመንጪው መሣሪያ ትውልድም እንዲሁ ነው። በ2014 የቤላሩሱ ተወላጅ ድሚትሪ ባህዳናው ከጀርመን ከብሬመን ለልምምድ ወደ ሞንትሪያል መጣ። በዚያም ትምህርቱን በፊንላንድ የጨረሰውን ኮሪያዊ ክዩንግህዩን ቾንና ፕሮፌሰር ዮሹዋ ቤንጂዮን አገኘ። ሦስቱ ሆነው መሣሪያ ሲተረጉም ከዐረፍተ ነገሩ የትኛውን ቃል ይበልጥ መመልከት እንዳለበት የሚማርበትን ዘዴ ሠሩ። በዚህ ሐሳብ ላይ በመመሥረት በ2017 ስምንት የጉግል ተመራማሪዎች ትራንስፎርመር የተባለውን አሠራር አወጡ፤ ከስምንቱ ስድስቱ ከአሜሪካ ውጪ የተወለዱ ናቸው። በ2022 ኅዳር ወር ለሕዝብ የቀረበው ቻትጂፒቲ የተሠራው በዚሁ አሠራር ነው። ስለዚህ «ይህን የፈለሰፈው የትኛው አገር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር፣ ትክክለኛው መልስ በመንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው የሚል ይሆናል።

ሥዕሉ ከየት መጣ?

ከምሳሌ የሚማር መሣሪያ የምሳሌዎቹን ያህል ብቻ ያውቃል። ሐኪም ያላየውን በሽታ በመጽሐፍ ሊያነብ፣ ባልንጀራውን ሊጠይቅ ይችላል። መሣሪያው ግን ባላየው ነገር ላይም ቢሆን እንደ ተለመደው ፍርዱን ይሰጣል። ስለዚህም በሕክምናው ዘርፍ ልውውጥ ማለት የሐሳብ ብቻ ሳይሆን የበሽተኞች ምስል ልውውጥም ነው።

በ2016 የታተመውን የዓይን ጥናት እንመልከት። የስኳር በሽታ በዓይን ውስጠኛ ክፍል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንዲለይ ለአንድ መሣሪያ 128,175 ፎቶግራፎች ተሰጡት። ፎቶግራፎቹ የመጡት ከአሜሪካና ከሕንድ የዓይን ሆስፒታሎች ሲሆን፣ 54 የዓይን ሐኪሞች በየፎቶግራፉ ላይ ፍርዳቸውን አስፍረው ነበር። መሣሪያው ከፈረንሳይ በመጡ ፎቶግራፎች ጭምር ተፈትኖ መልካም ውጤት አገኘ። ቀጥሎም በታይላንድ በ11 ክሊኒኮች ሥራ ላይ ሲውል የሆነውን በ2020 የታተመ ጥናት ዘግቧል። ነርሶቹ ካነሷቸው 1,838 ፎቶግራፎች ውስጥ ከመቶ 21 ያህሉን መሣሪያው ጥራት ይጎድላቸዋል ብሎ መለሳቸው። ምክንያቱ ከባድ አልነበረም፤ በብዙ ክሊኒኮች ክፍሉን ማጨለም አይቻልም ነበር። የኢንተርኔቱም መስመር ዝግ ያለ ስለነበረ በሽተኞች ብዙ ይጠብቁ ነበር። ፎቶግራፉ የተመለሰበት በሽተኛም ወደ ሌላ ሆስፒታል ሂድ ይባል ነበር፤ ይህም የአንድ ቀን ሥራ መፍታትና የመጓጓዣ ወጪ ማለት ነው።

የቆዳን በሽታ በሚመለከትም በ2022 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። በወቅቱ ታዋቂ የነበሩ መሣሪያዎች በጥቁር ቆዳ ላይ ያለን በሽታ ሲመረምሩ ውጤታቸው በነጭ ቆዳ ላይ ካላቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። የተማሩባቸው ሥዕሎች በአብዛኛው የነጮች ነበሩና።

በአንጻሩ ምስሎቹ ከእኛው አህጉር ሲመጡና ፈተናው በእኛው አህጉር ሲካሄድ ምን እንደሚገኝ የሳንባ ነቀርሳ ታሪክ ያሳያል። በሆላንድ አገር የተሠራ የደረት ራጅ የሚያነብ መሣሪያ በዛምቢያ በሉሳካ ከጤና መኮንኖች ጋር ተወዳድሮ፣ በ2013 በታተመው ጥናት ተቀራራቢ ውጤት አገኘ። በደቡብ አፍሪካና በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ፈተናዎች ተደረጉ። ከብዙ እንዲህ ያለ ማስረጃ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለሳንባ ነቀርሳ ሲጣሩ፣ ራጁን በሰው ፈንታ ኮምፒዩተር ሊያነበው እንደሚችል መመሪያ አወጣ። የራጅ ሐኪም በማይገኝበት ወረዳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለው። ሰርዶው፣ ማለት በሽታው፣ የአገሩ ነው፤ በሬው ግን ከሆላንድም ቢመጣ የአገሩን መሬት ከተማረ ያርሳል።

የጉባኤው በር

የዚህ ዘርፍ አዲስ ነገር በመጀመሪያ የሚሰማው በዓመታዊ ጉባኤዎች ነው። ወጣት ተመራማሪ ሥራውን የሚያቀርበው፣ ስሕተቱ የሚነገረው፣ አስተማሪና ሥራ የሚያገኘውም በዚያው ነው። ባህዳናው ወደ ሞንትሪያል ባይሄድ ኖሮ ቾን የሚያገኝበት መንገድ አልነበረም። እንግዲያው ወደ ጉባኤው አገር ለመግባት ያልተፈቀደለት ሰው የሚያጣው የአንድ ሳምንት ስብሰባ ብቻ አይደለም።

አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ በ2016 ኒውሪፕስ በተባለው ታላቅ ጉባኤ በባርሴሎና ተገኝታ ነበር። በሺህ ከሚቆጠረው ተሳታፊ መካከል ያየቻቸው ጥቁሮች በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸውን ጻፈች። በ2017ም እንደ እርሷ በአዲስ አበባ ካደገችው ከረድኤት አበበና ከሌሎች ጋር የጥቁር ተመራማሪዎችን ማኅበር መሠረተች። በዚያው ዓመት በጆሃንስበርግ ኢንዳባ የተባለው የአፍሪካውያን የመማር መሣሪያዎች ጉባኤ ተጀመረ፤ ኢንዳባ በዙሉ ቋንቋ የምክክር ስብሰባ ማለት ነው። ነገር ግን በ2018 ኒውሪፕስ በሞንትሪያል ሲካሄድ ሥራቸው ተቀባይነት አግኝቶ የተጋበዙ ብዙ አፍሪካውያን ቪዛ ተከለከሉ ወይም ዘገየባቸው። በ2019ም ጉባኤው በቫንኩቨር ሲካሄድ ችግሩ ተደገመ።

በዚህ መካከል ለእኛ ትልቅ ትርጉም ያለው ውሳኔ ተወስኖ ነበር። ለከንና ቤንጂዮ በ2013 የመሠረቱት አይ.ሲ.ኤል.አር. የተባለው ጉባኤ በሚያዝያ 2020 በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወሰነ። ለአፍሪካ ተመራማሪዎች መንገዱን ማቅለል ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ነበር። ሆኖም የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ስለዘጋ ተሳታፊዎች በአካል ሳይመጡ ጉባኤው በሙሉ በኢንተርኔት ተካሄደ። ቪዛ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ጥሩ መስመር ያለው ሁሉ ከቤቱ ሆኖ ተከታተለ። ከአዳራሹ ውጪ በሻይ ሰዓት የሚደረገው ትውውቅ ግን፣ ለአዲስ አበባ ተማሪዎች በደጃቸው ሊሆን የነበረው፣ ሳይሆን ቀረ።

ይኸው ጉባኤ በግንቦት 2023 በሩዋንዳ በኪጋሊ ተካሄደ። ከመስኩ ታላላቅ ጉባኤዎች አንዱ በአፍሪካ ምድር ሲደረግ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሚካይም በበኩሉ ከ1998 ጀምሮ ከአህጉር አህጉር ሲዞር ቆይቶ በጥቅምት 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ፣ ወደ ሞሮኮ ማራካሽ መጣ። ከጉባኤው ጋር ተያይዞ በ2012 የተጀመረ የአንጎል ዕጢ ምስል ውድድር አለ፤ በ2023 ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች የተገኙ ምስሎችን የያዘ ክፍል ተጨምሮለታል። አስተውለን ብናይ ሁለቱ ነገሮች፣ የሰዎቹ መምጣትና የምስሎቹ መምጣት፣ በአንድ ሰሞን የሆኑ ናቸው። ሰዎቹ በሌሉበት የእነርሱን በሽተኞች የሚያስታውስ አልነበረምና።

የቋንቋ ጉዳይ

አመንጪው መሣሪያ የሚሠራው ካነበበው እጅግ ብዙ ጽሑፍ በመነሣት፣ የሚቀጥለው ቃል የትኛው ሊሆን እንደሚችል እየገመተ ነው። ትራንስፎርመር በመጀመሪያ የተፈተነው ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛና ወደ ፈረንሳይኛ በመተርጎም ነበር። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ትግርኛ በኮምፒዩተር መረብ ላይ ያላቸው ጽሑፍ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። አንዲት እናት ስለ ልጇ ተቅማጥ በቋንቋዋ ብትጠይቀው፣ መሣሪያው በጥቂቱ ባነበበው ተመርቶ በእርግጠኝነት አነጋገር የተሳሳተ ምክር ሊሰጣት ይችላል።

ለዚህም መፍትሔው የቆየ ምሳሌ አለው። ከመካነ ሥላሴ የተነሡት አባ ጎርጎርዮስ ሮም ላይ ከጀርመናዊው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ፤ በ1652ም ወደ ጎታ ከተማ ተጋብዘው ከእርሱ ጋር ሠሩ። ሉዶልፍ በ1698 በፍራንክፈርት ያሳተማቸው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የዚያ ትብብር ፍሬዎች ናቸው። ሉዶልፍ የአባ ጎርጎርዮስን ድርሻ በስማቸው ጠርቶ መስክሯል፤ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚታወቀውም ስለዚህ ነው። ዕውቀት ሰጪው ከጎን ተቀምጦ፣ ጥያቄውን እየመለሰ፣ ስሙም ሳይጠፋ የተካሄደ ልውውጥ ነበር።

በዘመናችን ይህን መንገድ የተከተለው በ2019 የተመሠረተው ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ኅብረት ነው፤ ቃሉ በዙሉ ቋንቋ «አብረን እንገንባ» እንደ ማለት ነው። ኅብረቱ በ2021 በዜና ጽሑፍ ውስጥ የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስሞች የተለዩበትን የአሥር አፍሪካ ቋንቋዎች ስብስብ አወጣ። ከአሥሩ መካከል አማርኛ፣ ስዋሂሊ፣ ኪንያርዋንዳ፣ ሉጋንዳና ሉኦ ይገኙበታል። ሥራውን የሠሩት ቋንቋዎቹን የሚናገሩ ሰዎች ናቸው።

ማጠቃለያ

አንዳንድ ሰዎች «ሌሎች ሠርተው ይጨርሱትና እኛ ገዝተን እንጠቀምበት» ይላሉ። ሐሳቡ ቁጠባ ይመስላል። የኮፐንሃገንና የታይላንድ ታሪክ ግን ሌላውን ያስተምራል፤ ሌላ ቦታ ተሠርቶ ያለቀ መሣሪያ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሥራው ገና አላለቀም። የእኛን በሽተኛ አይቶ የማያውቅ መሣሪያ በእኛ በሽተኛ ላይ ይፈተን ዘንድ፣ ፈተናውን የሚያወጣና የሚያርም ሰው ከእኛ መካከል ያስፈልጋል።

ሌሎች ደግሞ ምስሉንና ጽሑፉን መስጠት ብቻውን በቂ ልውውጥ ይመስላቸዋል። ይህም አይበቃም። የበሽተኛ ምስል የበሽተኛው ምስጢር ነው። ያለ ፈቃዱ ከተወሰደ፣ ወይም ተወስዶ ጥቅሙ ወደ አገሩ ካልተመለሰ፣ ልውውጥ ሊባል አይገባውም። አባ ጎርጎርዮስ የሰጡት ቃላት ብቻ አልነበረም፤ ራሳቸውም በጠረጴዛው ላይ ነበሩ።

በኢትዮጵያ በ2020 የተቋቋመና በኋላ የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት የተባለ ተቋም አለ፤ በኬንያና በሩዋንዳም ጉባኤዎች ተካሂደዋል። ተቋምና አዳራሽ ግን የሚሞሉት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሚወጡ ተማሪዎች ነው። ስለሆነም በእጃችን ባለው ነገር ልንጀምር እንችላለን። የሒሳብ አስተማሪ ፕሮባብሊቲን ሲያስተምር የጋምቤላንና የደብረ ብርሃንን በሽተኛ ምሳሌ ቢጠቀም፣ ተማሪው ሌድሊና ላስቴድ የጻፉትን ሐሳብ በቀላሉ ይረዳዋል። የባዮሎጂ አስተማሪ ደግሞ ኮምፒዩተር ሳያስፈልገው የሚከተለውን ሙከራ ሊያደርግ ይችላል።

ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወይም ከአንድ ማሳ ጤነኛና የታመሙ ቅጠሎች ይሰብሰቡ። ተማሪዎች ቅጠሎቹን ብቻ እየተመለከቱ «እንዲህ ከሆነ ታሟል» የሚሉ ደንቦችን ይጻፉ። ከዚያም ከሌላ ቀበሌ፣ ከሌላ አፈር የመጡ የዚያው ተክል ቅጠሎች ይቅረቡላቸውና በደንቦቻቸው ብቻ እየተመሩ ይፍረዱ። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ውጤት በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፍ። ልዩነቱ ለምን እንደ መጣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይከራከሩበት፤ ደንባቸውን ለማሻሻል የማን እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸውም ይጠየቁ። ከሁለተኛው ቀበሌ አንድ ተማሪ ቢጋበዝ ይሻል ነበር የሚል መልስ ከተሰማ፣ ትምህርቱ ዓላማውን መትቷል ማለት ነው።